የሟች ጓደኛዬን ውርስ እያጣራሁ ከጨርቆቿ መስፋት እችላለሁን?

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «ለብዙ ዓመታት እንደ እህት የምትቀርበኝ ጓደኛዬ አርፋለች። በኑዛዜዋ የውርሷ አስፈጻሚ አድርጋ የሰየመችው እኔን ነው። በቤቷ ልብስ እየሰፋች ትተዳደር ስለነበር የሥራ ክፍሏ በጨርቅ፣ በተጀመሩ ልብሶችና በወረቀት እንደ ተሞላ ቀርቷል። ቀን ቀን ሰነድ ስፈልግና ስልክ ስመልስ እውላለሁ፤ ሲመሽ ልቤ የሚያርፈው መርፌ ስይዝ ብቻ ነው። በስፌት መኪናዋ ላይ የቀረውን ቀሚስ ጫፉን ሰፍቼ ጨረስኩት፤ ሌላም ጀምሬአለሁ። ጥፋት ሠርቻለሁ? ከልብሶቿስ የእራፊ አልጋ ልብስ መሥራት ይፈቀድልኛል? የእህቷ ልጅ ደግሞ የስፌት መኪናውን አሁኑኑ ልውሰድ ትለኛለች።»

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሥራዬ ውርስ ማጣራት ነው፤ መርፌና ክርም ከእጄ የማይለዩ ስለሆኑ ጥያቄዎን በሁለቱም በኩል አንብቤዋለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። መስፋትዎን አይተዉ፤ ነገር ግን ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሚሰፉት ጨርቅ የራስዎ ይሁን። በዚያ ክፍል ያለው ጨርቅ፣ ልብስና ክር ዛሬ የእርስዎም፣ የእህታቸው ልጅም፣ የሌላ ዘመድም አይደለም። ባለመብቱ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ በእርስዎ እጅ በአደራ የተቀመጠ ሀብት ነው፤ አደራ ተቀባይ ደግሞ ይጠብቃል፣ ይመዘግባል፣ ያስረክባል እንጂ ለራሱ አይጠቀምበትም።

በኑዛዜ መሰየም ብቻውን በብዙ አገሮች ሥልጣን አይሰጥም። ኑዛዜው ለፍርድ ቤት ወይም ሕጉ ለወሰነው አካል ቀርቦ ከጸና በኋላ፣ አስፈጻሚነትዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ በእጅዎ ሲገባ ነው ባንክም ሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚያስተናግድዎት። ጓደኛዎ በሕይወት ሳሉ ውክልና ሰጥተውዎት ከነበረ በእርሱ መጠቀምዎን ያቁሙ፤ ውክልና እንደ ደንቡ በወካዩ ሞት ያበቃል፣ ከሞት በኋላ በእርሱ የወጣ ገንዘብም በቀና ልብ የወጣ ቢሆን እንኳ ኋላ ያስጠይቃል። ሸክሙ ከዐቅምዎ በላይ መስሎ ከታየዎት፣ ሥራውን ሳይጀምሩ «አልቀበልም» ማለት ይቻላል። ከጀመሩ በኋላ መተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ መጠየቅንና ሂሳብ ማስረከብን የሚያስከትል ስለሆነ፣ ይህን ውሳኔ አሁን ቢያስቡበት ይሻላል። መቀበልዎን ከወሰኑም ብቻዎን እንዲሠሩት የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ለጠበቃ ወይም ለሂሳብ ባለሙያ የሚከፈል ተገቢ ወጪ በአብዛኛው ከውርሱ ላይ የሚነሣ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ መጠበቅ እንጂ ማከፋፈል አይደለም። ቁልፎቹን ይሰብስቡ፤ እያንዳንዱን ክፍል አንድም ዕቃ ከቦታው ሳያነሡ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ መሳቢያዎቹንና ቁም ሣጥኖቹንም ከፍተው እንዲሁ ያድርጉ። በዚህ ወቅት ዘመድም ወዳጅም መጥቶ «ለማስታወሻ አንዲት ነገር ብቻ» ማለቱ አይቀርም፣ የሚለውም ከልቡ ነው። በትሕትና እምቢ ይበሉ። እኔ ባየኋቸው ውርሶች ቤትና ገንዘብ ያስነሡት ክርክር ጊዜ ቢወስድም በሕጉ ይፈታል፤ ማን እንደ ወሰደው ሳይመዘገብ የወጣ ነጠላ ወይም ጌጥ ያስነሣው ቂም ግን የሚዳኝበት ማስረጃ ስለሌለው በቤተሰቡ መካከል ይቀራል። ሰው የሚጠይቀውን ዕቃ በስሙ አንጻር ይጻፉለትና ሲከፋፈል እንደሚታይ ይንገሩት። ጥያቄው መመዝገቡ ብቻ ብዙ ሰውን ያረጋጋል።

አሁን ወደ ሥራ ክፍሉ እንግባ፤ በእርስዎ ጉዳይ ከባዱም ስሱም ቦታ እርሱ ነውና። ጓደኛዎ ለደንበኛ ይሰፉ ስለነበር እዚያ ያለው ጨርቅ ሁሉ የእርሳቸው ሊሆን አይችልም። ደንበኛ ገዝቶ ያመጣው ጨርቅ የደንበኛው ንብረት ነው፤ በውርሱ ውስጥ አይገባም፣ ለወራሽ አይከፋፈልም፣ በውርሱ ዕዳ ምክንያትም አይሸጥም። ይህን ለመለየት ጥቅሉን ሳይፈቱ ከላዩ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ወረቀት እንዳለች ይመልከቱ፤ ሰፊዎች የደረት፣ የወገብና የቁመት ልክ ከስም ጋር ጽፈው እንዲህ አድርገው ይሰኩታል። ወረቀቷን ከጨርቁ በፍጹም አይለዩ፤ አንድ ጊዜ ከተለየች የማን ጨርቅ እንደሆነ የሚናገር ሌላ ነገር ላይገኝ ይችላል። ቀጥሎ የልክ ደብተሩንና በስልካቸው ያሉትን መልእክቶች ያገናዝቡ። በዚህም ምክንያት የስልክ መስመሩን ቸኩለው አያዘጉት፤ የደንበኞቹ ማስረጃ ያለው በዚያ ነው፣ የባንክና የሌሎች ሂሳቦች ማረጋገጫ ኮድም የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው።

ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ልብሱ ሳይሰፋ ቀርቶ ከሆነ፣ ጨርቁ የእርሱ ከመሆኑ በተጨማሪ በከፈለው ገንዘብ መጠን የውርሱ ባለገንዘብ፣ ማለትም ከውርሱ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ነውና ከሌሎች ዕዳዎች ጋር ይመዝገብ። ልብሱ ተሰፍቶ አልቆ ቀሪ ክፍያ ካለ ደግሞ ገንዘቡ የውርሱ ገቢ ስለሆነ ወደ ውርሱ ሂሳብ ይገባል። ጨርቅ በሚመልሱበት ጊዜ ሁሉ የጨርቁን ዓይነት፣ ርዝመቱንና ቀኑን ጽፈው ያስፈርሙ፤ ፎቶግራፉንም ያያይዙ።

ጫፉን ሰፍተው የጨረሱት ቀሚስም የሚዳኘው በዚሁ ነው። የደንበኛ ከነበረ ባለቤቷን ፈልገው ቀሚሱ በማን እጅ እንዳለቀ በግልጽ ይንገሯት፤ ጓደኛዎ ሰፍተው እንደጨረሱት አድርገው አያስረክቡ፤ ያቺ ደንበኛ የመጨረሻውን ስፌት ማን እንደ ሰፋው የማወቅ መብት አላት። ለራሳቸው የጀመሩት ከነበረም የሠሩት ሥራ ዋጋውን ስላልቀነሰው መተርተር አያስፈልግም፤ ምን እንደ ሠሩና መቼ እንደ ሠሩት በመዝገብዎ ላይ ያስፍሩ፣ ይበቃል። በሐዘን ሌሊት የወዳጅን ሥራ ከፍጻሜ ማድረስ ነውር አይደለም። አሁን የጀመሩትን ሌላውን ግን እንዳለ አጥፈው ያስቀምጡት። የተሰፋ ነገር ይተረተራል፤ በመቀስ የተቀደደ ግን ወደነበረበት አይመለስም፣ እርስዎም የጀመሩት ልብስ ገና የማን እንደሆነ አላወቁም።

የጓደኛዎ የራሳቸው መሆኑ የታወቀው ጨርቅ በሜትር ተለክቶ በዓይነቱ ይመዝገብ፤ ሐር ወይም ንጹሕ ሱፍ ከሆነ ግምቱ ከተራ ጨርቅ በእጅጉ ስለሚለይ «አንድ መደርደሪያ ጨርቅ» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ዓይነቱን በዓይን መለየት ካቃተዎት ከጠርዙ ጥቂት ክር መዘው፣ በወረንጦ ይዘው፣ በብረት ሳህን ላይ በእሳት ይፈትኑት። ጥጥ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ አመድም ይተዋል። ሱፍና ሐር በዝግታ ይነድዳሉ፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ የሚቀረውም ጥቁር ነገር በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ በጣት የማይፈርስ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። የተቀላቀለ ጨርቅ የሁለቱንም ጠባይ ስለሚያሳይ «ድብልቅ» ብሎ መጻፉ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ማንኛውም ልብስ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ኪሱን መፈተሽ ብቻውን አይበቃም። በመዳፍዎ የገበሩን ውስጥ፣ የወገቡን እጥፋትና የካፖርቱን ጫፍ ቀስ ብለው ይዳብሱ። መስፋት የሚችል ሰው ገንዘብ ወይም ጌጥ መደበቅ ሲፈልግ የሚደብቀው በመርፌ ነው፤ እጥፋቱ ከሌላው ይልቅ ደንደን ካለ፣ ወይም አንድ ጣት በሚያህል ቦታ ላይ የክሩ ቀለም ወይም የስፌቱ ርቀት ከተለወጠ፣ ምስክር ባለበት ይፍቱት። የቁልፍና የመርፌ ቆርቆሮዎችንም እስከ ታች ገልብጠው ይመልከቱ።

ስለ ገንዘቡ ያለው ነገር አጭር ነው። የውርሱን ገንዘብ ከራስዎ ገንዘብ ጋር ለአንድ ቀን እንኳ አይቀላቅሉ፤ ለውርሱ የተለየ የባንክ ሂሳብ ያስከፍቱ፣ ለትንሹም ወጪ ደረሰኝ ይያዙ። የአከፋፈሉ ተራ በአገሩ ሕግ የሚወሰን ቢሆንም በብዙ ሥርዓቶች አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፦ የቀብርና የማጣሪያ ወጪዎች ይቀድማሉ፣ ግብርና ዕዳ ይከተላሉ፣ በኑዛዜ ለተለዩ ሰዎች የተሰጠውና የወራሾች ድርሻ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ባለገንዘቦች እንዲቀርቡ ማስታወቂያ ወጥቶ የሚጠበቅ ጊዜ ካለም ሳያልቅ አያከፋፍሉ። ይህን ተራ ዘሎ ያከፋፈለ አስፈጻሚ፣ ሀብቱ ለዕዳው ሳይበቃ ቢቀር ከራሱ ኪስ እስከ መክፈል ሊደርስ ይችላል። ዘመዶች «ልብሱን እንኳ እንከፋፈል» ሲሉዎት ይህን በግልጽ ይንገሯቸው፤ የሚከለክላቸው ሕጉ መሆኑን ሲያውቁ በእርስዎ ላይ ያላቸው ቅሬታ ይቀንሳል።

አሁን ስለ እርስዎ ልናገር። የጓደኛ ሐዘን ብዙ ጊዜ ሰው የማያየው ሐዘን ነው፤ የሥራ ፈቃዱም፣ መጽናናቱም፣ ከፊት መቀመጡም ለሥጋ ዘመድ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 በአደባባይ ዕውቅና ስላልተሰጠው ሐዘን ሲጽፉ ካነሧቸው ሰዎች መካከል ወዳጆች ይገኙበታል። በእርስዎ ላይ ደግሞ ድርብ ሆኗል፤ ሐዘኑ እንደ እህት ሐዘን ጥልቅ ሆኖ ሳለ፣ በወራሾቹ ፊት የሚቆሙት እንደ ሂሳብ ያዥ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ መርፌ መያዝዎን እንደ ድክመት ወይም ከኃላፊነት እንደ መሸሽ አይቁጠሩት። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ማብራሪያ፣ ሐዘንተኛ አንድ ጊዜ ወደ ሐዘኑ አንድ ጊዜም ሕይወት ወደሚጠይቀው አዲስ ሥራ እየተመላለሰ እንደሚጓዝ፣ ከሁለቱም ዕረፍት የሚያገኝበት ሰዓት እንደሚያስፈልገውም አስረድተዋል። የእርስዎ ቀን በሰነድ፣ ማታዎ በስፌት መዋሉ ይህንኑ መመላለስ ይመስላል፤ እኔም እንዲቀጥል እመክራለሁ።

ሆኖም ሁለቱ ቦታቸው ይለይ። በጓደኛዎ ክፍል ሲሆኑ አጣሪ ይሁኑ፤ መዝገብ ይያዙ፣ ሰዓት ወስነው ይግቡ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቆልፈው ይውጡ። ስፌቱን በራስዎ ቤት፣ በራስዎ ጨርቅና ክር ያድርጉት። ለጊዜው ከመኪና ይልቅ የእጅ ስፌት ይምረጡ፤ መኪና ፍጥነትና ንቃት ይጠይቃል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጣቱን ያስወጋል። የእጅ ስፌት በፈለጉት ቦታ ይቆማል፣ ዕንባ ሲመጣም ይጠብቃል። አዲስ ቅድና ከባድ ልክ ያለበትን ሥራ አይጀምሩ፤ የትራስ ልብስ ጠርዝ፣ የተቀደደ ሸሚዝ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስፌት ይበቃል። ለዚህ ሰሞን የምፈልግልዎት ሐሳብን ሳያደክም እጅን የሚይዝ ሥራ ነው። ስፌቱም ሆነ ሌላው ነገር ሳይረዳዎት እንቅልፍና ምግብ ለረጅም ጊዜ ከራቁዎት፣ ወይም መኖር ራሱ ካስጠላዎት፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ።

የእራፊው አልጋ ልብስ ሐሳብ መልካም ነው፤ ጊዜው ገና ስለሆነ ብቻ ነው የማዘገየው። ወዳጆች ለወዳጆቻቸው ሲሰፉ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም። በሳን ፍራንሲስኮ ክሊቭ ጆንስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በኤድስ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በጨርቅ ላይ እየሰፉ መታሰቢያ ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ጨርቅ ወደ 90 በ180 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ የአንድ መቃብር ስፋት ያለው ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በዋሽንግተን ሲዘረጋ 1,920 ሆኖ ነበር። ከሰፊዎቹ ብዙዎቹ በሕግ ፊት ወራሽ ያልነበሩ ወዳጆች ናቸው። ከሟቹ ቤት አንዳች የማይደርሰው ሰው በመርፌ የራሱን ድርሻ እንዴት እንደሚወጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሥራ አላውቅም።

ስለዚህ በማጣራቱ መጨረሻ፣ ኑዛዜው ስለ ልብሶቹ የሚለው ነገር ከሌለ፣ ለወራሾቹ ሁሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ልብሶቿን» ብለው በጅምላ አይጻፉ፤ እነዚህን ሸሚዞች፣ ይህን ቀሚስ፣ ይህን ካፖርት እያሉ ከፎቶግራፍ ጋር ይዘርዝሩ፣ ልብሶቹ እንደሚቆረጡም በግልጽ ያስፍሩ። ልብሱ ለእርስዎ እንዲሰጥ መስማማትና እንዲቆረጥ መስማማት ለብዙ ሰው አንድ አይደለም። አንድ ወራሽ እንኳ የሚሳሳለትን ልብስ ከዝርዝሩ ያውጡት። ከሁሉም ፊርማ ሳያገኙ መቀስ አያንሡ።

ሲፈቀድልዎት እንዲህ ያድርጉ። ልብሶቹን ከማጠብዎ በፊት አንዱን ከነጠረኑ ለይተው፣ ንጹሕ በሆነ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ብርሃን በማይነካው ቦታ ያኑሩት። በፕላስቲክ አይጠቅልሉት፤ እርጥበት ይይዛል። ላብና ቆሻሻ ጨርቅን ስለሚጎዱና ብልን ስለሚስቡ ሌሎቹን ይጠቡ፤ በዚያውም የሚኮማተረው አስቀድሞ ይኮማተራል። ከዚያ ስፌቱን በመቀስ ከመቁረጥ ይልቅ በመተርተሪያ ይፍቱ፤ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ጨርቅ ብዙ ነው፣ ቀለሙም አልደበዘዘም። እንደ ቲሸርትና ሹራብ የሚለጠጥ ጨርቅ ከሌላው ጋር ሲሰፋ ስለሚጣመም፣ ከመቆረጡ በፊት ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ገበር ይለጥፉበት፤ የሚሰፉትም ጫፉ ክብ በሆነ መርፌ ይሁን፣ ሹል መርፌ የሹራቡን ክር ይበጥሳል። ሐርን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ይተኩሱ። ለእጥፋት 6 ሚሊ ሜትር ያህል መተው የተለመደ ነው፤ በቀላሉ የሚተለተል ጨርቅ ከሆነ ግን ከዚያ አስፍተው ይቁረጡ።

ከሁሉ ይልቅ ጓደኛዎ በእጃቸው የሰፉትን ልብስ ሲያገኙ ስፌቱን አይፍቱት። የኮሌታው ማዕዘን፣ የቁልፍ ቤቱ፣ በእጅጌው ጫፍ ያለው ረቂቅ የእጅ ስፌት በእራፊው መሐል እንዲውል አድርገው ዙሪያውን ይቁረጡ። የእያንዳንዱ ሰፊ የክር አሳሳብ ይለያል፤ በሌላ ሰው ልብስ ላይ የማይገኘው የጓደኛዎ ነገር ይህ ስለሆነ፣ ከቀለሙና ከአበባው ይልቅ ቦታ የሚገባው ለእርሱ ነው።

የቀረው የእህታቸው ልጅ ጥያቄ ነው። የስፌት መኪናው አሁን አይሰጥ፤ ዋጋው ይገመት፣ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና) ካለም ለብቻው ይመዝገብ፣ ክፍያው ተከፍሎ ያላለቀ እንዳይሆን ሰነዱ ይፈለግ። ኑዛዜው በስም ለእርሷ የሰጣት ቢሆን እንኳ የምትረከበው ዕዳው ከተጣራ በኋላ ነው። «በውሰት ልውሰደው» ካለችም፣ ተበላሽቶ ቢመለስ በሌሎቹ ወራሾች ፊት የሚጠየቁት እርስዎ ስለሆኑ በጨዋነት ያቆዩአት። ይልቁንስ የጠየቀችበትን ቀንና የምትፈልግበትን ምክንያት በእጅዋ ጽፋ እንድትሰጥዎት ያድርጉ፤ ሌሎቹ ወራሾች ክፍፍሉን ሲስማሙ ያንን ወረቀት ያቅርቡላቸው። እስከዚያው መርፌውን ከመኪናው ነቅለው፣ ዘይት ጠብ አድርገውበት፣ ጨርቁን ከሚጫነው እግሩ ሥር እራፊ ጨርቅ አኑረው፣ መሸፈኛውን ያልብሱት።